የአባ ቀጠሮ ወንበር

ባለፈው ሰኞ ከልጄ ልጅ ጋር እንጅባራ አንድ የቢሮ ዕቃ መሸጫ ገባን። አዲስ ሥራ ይዛለች፣ ወንበር ፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በአናጢነት የጨረስኩ ስለሆንኩ ይምረጡልኝ ብላ ነው ያስከተለችኝ። ሻጩ ጎረምሳ ጎማ ያለው፣ ትራሱ ያበጠ ጥቁር ወንበር እየገፋ መጣና "አባባ፣ ይሄ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ አይደክምዎትም" አለኝ። ተቀመጥኩ። እንደ ሊጥ ዋጠኝ። መሬቱን የነካሁት በእግሬ ጣት ጫፍ ነው።

"አንተ ስንት ሰዓት ተቀምጠህበታል?" አልኩት።

"እኔማ ቆሜ ነው የምውለው" አለ እየሳቀ።

"እንግዲያው ያልቀመስከውን ወጥ ጣፈጠ አትበል" ብዬው ተነሳሁ።

የልጅ ልጄ አፈረችብኝ። እኔ ሰው ፊት አፌን ስከፍት ድሮም ታፍራለች። ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ ቤት ተጠለልን፣ እዚያ "አባባ፣ ለመሆኑ ወንበር ምን በድሎዎት ነው?" አለችኝ። ወንበር አልበደለኝም። የበደለኝ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሰውየው ከሞተም ቆይቷል፣ እኔ ግን እስከዛሬ ነፍስ ይማር አላልኩትም። ለማለትም አላሰብኩም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዳንግላ ተምሬ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተባረርኩ። መምህሩ አንድ ሲናገር ሁለት ስለምመልስ ነው እንጂ ሰንፌ አይደለም። ከዚያ ጋሽ ውበቱ የሚባል አናጢ ዘንድ ገባሁ። ጋሽ ውበቱ እጁ ወርቅ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ምላስህን ለመላጊያ ብንጠቀምበት እንጨት አይተርፈንም" ይለኛል፣ በሳምንት አንዴ የሚናገራት ቀልድ እሷ ናት።

አባቴ ግን ኮርቻ ሠሪ ነበር። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዳጉሳና ድንች በሚበቅልበት ቀዝቃዛ አገር ነው ቤታችን። በእኛ አገር ያኔ ወንድ ልጅ ያለ ፈረስ ሰርግም ለቅሶም አይሄድም፣ ስለዚህ አያ ታረቀኝ የማይባልበት ደጅ አልነበረም። ታረቀኝ አባቴ ነው። በሱ ኮርቻ እስከ አዘና ተጉዞ የተመለሰ ሰው ወርዶ ሲራመድ ፈረስ ላይ የዋለ አይመስልም ነበር።

ልጅ ሆኜ ቆዳ እያራስኩለት ብዙ ሰምቻለሁ። ሰው የሚቀመጠው በሁለት አጥንት ነው፣ የቀረው ሥጋ ልብስ ነው ይለኝ ነበር። አጥንቶቹ ጠንከር ያለ ነገር ላይ ካረፉ ሰውየው ይውላል፣ ሥጋው ላይ ከተቀመጠ ይደነዝዛል። እግር ማረፊያ ይፈልጋል፣ ኮርቻ ላይ እርካብ፣ ቤት ውስጥ መሬት። የተንጠለጠለ እግር ወገብን ይጎትታል። ደግሞ በጣም የሚያባብል ነገር እንዳታምን ይል ነበር፤ ለስላሳ ኮርቻ እስከ መጀመሪያው ወንዝ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ጠላትህ ነው። ጥሩ መቀመጫ ሰውን ጨምቆ አይዝም፣ ወዲህ ወዲያ ያስብለዋል። እኔ ይሄን ሁሉ የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነበር፣ ግን በሌላው አልወጣም።

አንድ ሥርዓት ነበረው። ኮርቻ ጨርሶ እሱ ራሱ ሳይቀመጥበት ለባለቤቱ አያስረክብም። ይጭነውና ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ኮርቻ የሚጠግንም ከሆነ መጀመሪያ ይቀመጥበታል፣ የቱ ጋ እንደሚጎዳ በገዛ ገላው ይለይና ነው ወስፌ የሚያነሳው። ባለ ኮርቻው ባላባት ቢሆንም ቆሞ ይጠብቃል። በአካባቢያችን ኮርቻ ሠሪ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

እንግዲህ ያን ዓመት ጎረቤታችን ከወንዙ ዳር ያለውን የፈረስ መስካችንን አጠረ። ሲጠየቅ የአያቴ ነው አለ። መስኩ ከሄደ ፈረሶቹ ይሄዳሉ፣ ፈረሶቹ ከሄዱ አባቴ ኮርቻውን የሚሞክርበት የለውም። ከሰሰ። ጉዳዩን የሚያየው አጥቢያ ዳኛው ነው፣ በግቢው ደጅ ዳስ ጥሎ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያስችል፣ ከወዲያ ከጎጃም መሀል የመጣ፣ የእኛን ቋንቋ አዊኛን የማያውቅ ሰው። አገሩ አባ ቀጠሮ ብሎ ነበር የሚጠራው። መቼም ትልቅ ሰው የፈረስ ስም አለው፣ አንዱ አባ መብረቅ ይባላል፣ አንዱ አባ ነጎድጓድ። እሱ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ የሚጋልበው ቀጠሮ ነው። ወገቡን ስለሚያመው ደግሞ ቁጡ ነበር።

ያኔ ተሟጋች ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ነጠላውን አደግድጎ። አባቴን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ፈረስ ጉልበቱን ረግጦት በዱላ ነበር የሚሄደው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ቆመ። የጎረቤታችን ነገረ ፈጅ የአዳምና የሔዋንን ርስት ሳይቀር ሲቆጥር ዋለ። አምስት ሰዓት ግድም አባቴ እጅ ነስቶ "ጌታዬ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛልና እዚች ድንጋይ ላይ አረፍ ብዬ ልናገር" አለ።

"ዳኛ ፊት የሚቀመጠው ዳኛ ነው" አለ ሰውየው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው። "መቆም ካቃተህ መስኩን ተውለት። ፈረስም ቆሞ ነው የሚያድር፣ አንተ ከፈረስ አታንስ።"

ሳቁ። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ዛሬ ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ሳገኝ ፊታቸው ላይ ያ ሳቅ ይታየኛል። አባቴ እስከ ሰባት ሰዓት ቆመ። ከዚያ ቀጠሮ ተሰጠ። ከዳሱ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳውና ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ፣ ነጠላው ተገልጦ፣ ጥንብ እንዳየ ሁሉ ሰው እየተሻገረው ሄደ። አነሳሁት። ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ "የዘንድሮ ጭቃ ገና ሐምሌ ሳይገባ ነው የሚያዳልጠው" አለ። እኔ ግን የዚያን ቀን ይሄን ሰው እበቀለዋለሁ ብዬ ማልኩ።

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ አባ ቀጠሮ በቅሎውን ጭኖ በገበያ ቀን ጋሽ ውበቱ ደጅ ወረደ። ጠፍር ወንበሩ ረግቦበታል፣ ወገቡ አላስቀምጥ ብሎታል፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስቀምጥ ወንበር ይፈልጋል። እኔን አላወቀኝም። የተሟጋችን ልጅ ማን ያያል? ጋሽ ውበቱ የቤተ ክርስቲያን በር ይዞ ስለነበር ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ቁመቱን ለካሁ። አጎንብሼ፣ እሺ ጌታዬ እያልኩ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለካሁ።

እንዲህ አርጌ ሠርቼ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም። እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ እንደ መስታወት ልጌዋለሁ። የወንበሩን እግር ከጉልበቱ ልክ ሁለት ጣት አስረዘምኩ፣ ተረከዙ መሬት እንዳይደርስ። መቀመጫውን ወደ ኋላ አጠለቅኩት፣ ጀርባው መደገፊያውን ሊያገኝ ከፈለገ የፊተኛው ጠርዝ ቋንጃው ውስጥ እንዲገባ። ያንን ጠርዝ ደግሞ አላጎበጥኩትም፣ እንደ ቢላ ስል አድርጌ በቆዳ ሸፈንኩት። መደገፊያውን ወገቡ ጋ ባዶ ትቼ ትከሻውን ወደ ፊት እንዲገፋ አዘነበልኩ። በመጨረሻ የበግ ጠጉር አጨቅሁበት፣ ብዙ፣ ለስላሳ፣ እስከ መጀመሪያው ወንዝ የሚያደርስ። አባቴ ያስተማረኝን ሁሉ ገልብጬ ነው የሠራሁት። መጥፎ ወንበር ለመሥራት ጥሩውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ሰነፍ አናጢ እንደዚያ ያለ ሥቃይ አይወጣለትም።

ሊወስድ ሲመጣ ተቀመጠበት። ዓይኑን ጨፈነ። "ወይ ጉድ፣ ላባ ነው እኮ" አለ። ጋሽ ውበቱ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጅ ነሳሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ምክንያት እየፈጠርኩ ዳሱ ጥግ እየሄድኩ አይ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ቆሎ ይዤ። እንደዚያ ያለ ትርኢት አላየሁም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ንጉሥ ይቀመጣል። ከዚያ አንዱን እግር ያነሳል። ያወርዳል። ወደ ፊት ይሳባል፣ ጀርባው ባዶ ይቀራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጠርዙ ይይዘዋል። አራት ሰዓት ሲሆን ምስክር እየተናገረ እሱ ጭኑን በቡጢ ይመታል። ሲነሳ እግሩ ደንዝዞ እንደ ተወለደ ጥጃ ይንገዳገዳል። ቆሎው እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ። ሰውየው መቀመጥ ሲያቅተው ቀጠሮውን አበዛው። አራት ሰዓት ላይ ችሎቱን ይዘጋል። ከሩቅ በእግሯ የመጣች አንዲት ባልቴት ስሟ ሳይጠራ ሦስት ጊዜ ተመለሰች፣ ስንቋን ደጁ ላይ ፈትታ እየበላች "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ድሮ እንኳ እስከ ምሳ ይሰማ ነበር" አለችኝ። ኪሴ ውስጥ የቀረውን ቆሎ ሰጠኋት። የአባቴም ጉዳይ ሁለት ጊዜ ሳይሰማ ተላለፈ፣ ጎረቤታችን በመሀሉ መስኩን ሊያርስ በሬ አወጣ። አንድ ጊዜ የታረሰ መስክ ደግሞ መስክ ነበር ብሎ የሚያምን ዳኛ የለም።

ለሁለተኛ ጊዜ በተላለፈበት ቀን ስንመለስ አባቴ ፈረሱ ላይ፣ እኔ ከጎኑ በእግሬ ነበርን። ፈረስ ላይ ከወጣ ጉልበቱ የተጎዳ አይመስልም። መንገዱ ዳር የአደይ አበባ እምቡጥ ብቅ ብቅ ብሏል። ብዙ ከሄድን በኋላ በአዊኛ ጠየቀኝ። ቁም ነገር ሲሆን በአዊኛ ነው።

"ያን ወንበር የሠራኸው አንተ ነህ?"

"ማን ነገረዎት?"

"የሰውየው ተረከዝ ነገረኝ። ከቆምኩበት ሆኜ አየሁት።"

መካድ አልቻልኩም፣ መካድም አልፈለግኩም። እርስዎን ያቆመ እሱም አይቀመጥ አልኩት። ፈረሱን አቆመ።

"ሰው ከጠላህ በዱላ ምታው" አለኝ። "በእጅ ሥራህ አትምታው። የዱላ ሰንበር ይሽራል። ሥራህ ግን ታረቀኝ ልጁን ይሄን አስተማረ እያለ ይኖራል።"

ተናደድኩ። ለጠላቱ አዘነለት ብዬ ነው የተናደድኩት። አፌ እንደ ለመደው ብዙ ተናገረ፣ ጭቃው ላይ መደፋቱንም ሳይቀር አነሳሁበት። እሱ ፈረሱን ኮርኮር አድርጎ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ስማችን ተጠራ። አባቴ በዱላው ተደግፎ ቆመ፣ እኔ ከኋላው ነበርኩ። አባ ቀጠሮ ገና ከአሁኑ ጭኑን እያሸ ነበር። አባቴ ስለ መስኩ የሚናገር መስሎን ስንጠብቅ "ጌታዬ፣ ከክሴ በፊት ስለ ወንበርዎ አንዲት ቃል ብናገር" አለ። ሊያስይዘኝ ነው ብዬ በሩን አየሁ።

አባቴ ግን የእኔን ስም አላነሳም። ኮርቻ ሠሪ ነኝ፣ መቀመጫ አውቃለሁ አለ። ተረከዝዎ መሬት አይረግጥም፣ ፊተኛው ጠርዝ ቋንጃዎን ይዞ ደሙን ያቆማል፣ ወገብዎ የሚደገፍበት የለውም፣ ስለዚህ እግርዎ ይደነዝዛል፣ ማታ ደግሞ ጀርባዎ ያድራል ሲቃጠል አለ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማው። እንዲህ በዝርዝር ሕመሙን የነገረው ሐኪም አልነበረም።

"ይታረማል?" አለ።

"በአንድ ቀን። ግን ሳልቀመጥበት እጄን አላነሳም። የእኛ ሥራ እንደዚያ ነው።"

የእኛን ወግ የሚያውቅ ሁሉ የሚመጣው ገብቶታል፣ ያልገባው ዳኛው ብቻ ነው። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። ክብሩና ጭኑ ሲሟገቱ በዓይኔ አየሁ። ጭኑ ረታ። ተነሳ።

አባቴ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ጋቢውን ሰበሰበ፣ የዳኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተመቻቸ። ግራና ቀኝ እጁን መደገፊያው ላይ አሳረፈ። ከዚያ በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ "ጌታዬ፣ ቁመትዎን ማየት አለብኝና እዚያ ጋ ይቁሙልኝ" አለ። እዚያ ጋ ያለው የተሟጋች ቦታ ነው።

ቆመ።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆመ። መጀመሪያ አባቴ ጉልበቱን አየ፣ ዳሌውን አየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰው አልወጣም፣ ደጅ ያሉትም ገቡ። ጎረቤታችንና ነገረ ፈጁ ጥግ ላይ ተኮራምተዋል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ "አያ ታረቀኝ፣ እንግዲህ ቀጠሮ ስጠዋ" አለ፣ የገባው ሁሉ መሬት መሬት አየ፣ ሳሉ በዛ። ዳኛው ምን አለ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ፊቱ ሳይለወጥ "ስለ ከብት ነው፣ ጌታዬ" አለው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰውየው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየለዋወጠ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ወርዶ፣ ያችን ድንጋይ አያት። አባቴ የጠየቃትን ድንጋይ።

"ትንሽ አረፍ ልበል" አለ።

"ከተቀመጡ ቁመትዎ አይታየኝም" አለ አባቴ። "ብዙ አይቆይም።"

ተዓምር ነው የምላችሁ፣ ቆመ። አምስት ሰዓት አልፎ አባቴ ሲነሳ ነው የተለቀቀው።

በማግሥቱ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ወንበሩን እኔ አረምኩት። ከአራቱም እግር ሁለት ጣት ቁረጥ አለኝ፣ ቆረጥኩ። ጠርዙን አጉብጥ፣ ጠጉሩን አውጣና ጠፍር ወጥር፣ ወገቡ ጋ ሙላ። መላጊያውን በገፋሁ ቁጥር ሁለቱንም በልቤ እረግም ነበር፣ የተቀመጠውንም የሚያስተካክልለትንም። ወንበሩ ሲያልቅ እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻለ ሆነ። አሁንም ይቆጨኛል።

የሚቀጥለው ማክሰኞ አባ ቀጠሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ማታ ተቀመጠ። ባልቴቷም ተሰማች። የእኛም ምስክሮች አንድ ሳይቀር ተሰሙ፣ መስኩ እስከ ወንዙ ለአባቴ ተፈረደለት፣ የጎረቤታችን በሬ ከነቀንበሩ ወጣ። ሰው ወንበሩ ልብ ሰጠው አለ። እኔ አላምንም። ሰውየው አባቴን ዳግመኛ ፊቱ ላለማየት ነው የፈረደለት። ሲፈርድ ቀና ብሎ አላየውም።

እኔ ከአባቴ ጋር እስከ መስቀል አልተነጋገርኩም። አጎነበሰለት፣ ጠገነለት፣ ከበደሉ በላይ ካሰው ብዬ ነው። ስለዚያ ቀን ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም አንስቶት አያውቅም፣ ያ ጉልበቱም እስኪሞት አልዳነም።

የልጅ ልጄ ሻይዋን ትታ "አባትዎ ሆን ብለው ነበር እንዴ የቆዩት?" አለችኝ። ልጅ ናት፣ ቶሎ ገባት። እኔ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። እስቲ አስቡት። ሃምሳ ዓመት ወንበር ስሠራ መጥፎ ወንበር አንድ ጣሳ ጠላ እስክጠጣ እንኳ ተደብቆኝ አያውቅም። አባቴ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ፣ ከቆመበት ሆኖ ጉድለቱን አንድ በአንድ ቆጥሯል። የቀረው የሚመረመር ምን ነበር? ምንም።

ያን ወንበር ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ለክቼ፣ ስዬ፣ አስቤ ነው የሠራሁት። ጠርዙ የማንንም ቋንጃ አይምርም፣ ያውም ጉልበቱ የተጎዳ ሰው። አባቴ ለጠላቱ ያዘጋጀሁትን ያን ሁሉ ሥቃይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠበት፣ አንዴ እንኳ አልተቁነጠነጠም፣ ፊቱም ሰርግ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነበር። ስለዚህ ወንበርን ለረጅም ሰዓት የሚያስመቸው ምንድነው ብላ ስትጠይቀኝ ስለ አጥንቱም፣ ስለ ተረከዙም፣ ስለ ወገቡም ነገርኳት፣ እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊት ለፊትህ ማን ቆሟል የሚለው ነው።